የሕዝብ ቤቶች ጥገና፦ ከዘመቻ ወደ ፕላን

ማንኛውም ቤት ሥራው ተጠናቅቆ ቁልፉ ለነዋሪው ከተሰጠበት ዕለት አንሥቶ ማርጀት ይጀምራል። ፀሐይ ቆርቆሮውን፣ ዝናብ ግድግዳውን፣ ምስጥ ምሰሶውን፣ የሰው እግር ወለሉን ይበላዋል። ይህ የተፈጥሮ ሕግ በመሆኑ በአዋጅም ሆነ በመመሪያ አይሻርም። ኅብረተሰብ ሊወስን የሚችለው እርጅናውን ማን፣ በምን ገንዘብና በየትኛው ወር እንደሚከላከለው ነው። ውሳኔው አስቀድሞ ካልተሰጠ ግን ጉዳዩ እንዲያው ተንጠልጥሎ አይቀርም፤ ክረምቱ መጥቶ በራሱ መንገድ ይወስነዋል።

በከተሞቻችን፣ በተለይም በአዲስ አበባ፣ የመኖሪያ ቤት ጉዳይ በተነሣ ቁጥር ክርክሩ የሚያተኩረው በሁለት ጥያቄዎች ላይ ነው። አንደኛው ቤቱ የማን ይሁን የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው ስንት ቤት ይሠራ የሚለው ነው። ሁለቱም ከባድና ተገቢ ጥያቄዎች መሆናቸው አያጠያይቅም። ይሁንና ባለፉት ኀምሳ ዓመታት የታየው ተጨባጭ ሁኔታ ሦስተኛ ጥያቄ መኖሩን ያስገነዝበናል። ይኸውም የተወረሰው፣ የተሠራውና የተላለፈው ቤት በየዓመቱ በምን ፕላንና በማን ወጪ ይጠገናል የሚለው ነው። በዘመናዊ የከተማ ታሪካችን የተወሰዱት ሁለት ታላላቅ የቤት እርምጃዎች የባለቤትነትን ጥያቄ በተቃራኒ አቅጣጫ መልሰዋል፤ አንዱ ቤቱን ለመንግሥት፣ ሌላው ለግለሰብ አድርጎታል። ሁለቱም ግን ሦስተኛውን ጥያቄ በቅጡ ሳይመልሱት አልፈዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ክፍተት ያስከተለውን መዘዝ መተንተንና መፍትሔው በየትኛው አቅጣጫ እንደሚገኝ ማመልከት ነው።

የ1967ቱ አዋጅ የመለሰውና ያልመለሰው

እንደሚታወቀው የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ለማድረግ የወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የታወጀው ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ነበር። አዋጁ በአንድ ጊዜ ሁለት ነገሮችን አከናወነ። በአንድ በኩል በአከራይና በተከራይ መካከል የነበረውን ግንኙነት ከሥሩ ለወጠ፤ በሌላ በኩል ደግሞ የቤት ኪራይን በደረጃ እንዲቀነስ አደረገ። የቅነሳው መጠን ለዝቅተኛው ከፋይ ከፍ ያለ ሲሆን፣ አነስተኛ ኪራይ ይከፍል የነበረው ነዋሪ እስከ ግማሽ ድረስ ተቀንሶለታል። የወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ቤቶች በከተማ ነዋሪዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት፣ ማለትም በቀበሌዎች እጅ ገቡ። ከዚያ በላይ የሆኑት በኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሥር ተደረጉ፤ ይህም ድርጅት ስሙና አደረጃጀቱ በየጊዜው እየተለዋወጠ በ2009 ዓ.ም. የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን ሆኗል። ከተወረሱት ቤቶች እጅግ የሚበዙት ግን በቀበሌ የሚተዳደሩት አነስተኛ ቤቶች ነበሩ።

አዋጁን በጥሞና ለተመለከተው ሰው ሕግ አውጪው የወደፊቱን ፈጽሞ አልዘነጋም። ቀበሌዎቹ የሚሰበስቡትን ኪራይና ከመንግሥት የሚያገኙትን ድጎማ አነስተኛ ወጪ የሚጠይቁ ቤቶችን ለመሥራትና የነዋሪውን ኑሮ ለማሻሻል እንዲያውሉት ኃላፊነት ተሰጥቷቸዋል። ስለሆነም ሐሳቡ ነበረ። ያልነበረው ለነባሮቹ ቤቶች ጥገና ብቻ ተለይቶ የሚቀመጥ፣ ለሌላ አስቸኳይ ጉዳይ የማይነካ ሂሳብና በዚያ ሂሳብ የሚሠራ ዓመታዊ የሥራ ፕላን ነው። ቀበሌው ከዳኝነት እስከ ኅብረት ሱቅ፣ ከጥበቃ እስከ መዋዕለ ሕፃናት ብዙ ሥራ የተሸከመ አካል ነበር። እንዲህ ባለ ሁኔታ ውስጥ፣ አፍ አውጥቶ የማይጮኸው ምሰሶ ከተሰላፊዎቹ ሁሉ መጨረሻ ላይ መቆሙ የሚያስደንቅ አይሆንም።

የጉዳዩን ክብደት ለመረዳት ቤቶቹ ከምን እንደተሠሩ ማስታወስ ያስፈልጋል። አብዛኞቹ የእንጨትና የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣራ ያላቸው፣ መጸዳጃና ወጥ ቤታቸውን ከጎረቤት ጋር የሚጋሩ ናቸው። የጭቃ ቤት በባሕርይው ዕድሜ የለውም የሚለው አነጋገር ግን ትክክል አይደለም። ጣራው ካላፈሰሰ፣ የምሰሶው እግር ከእርጥበት ከተጠበቀ፣ ልስኑም በወቅቱ ከታደሰ ለብዙ አሥርተ ዓመታት ያገለግላል። ጥፋቱ የሚመጣው ደረጃ በደረጃ ነው። በመጀመሪያ አንድ ሚስማር ይላላና ውሃ በቀዳዳው ይገባል። ቀጥሎ ማገሩ ይበሰብሳል፤ ጭቃው ይፈረፈራል። ከዚያም የምሰሶው እግር ይሰምጣል፤ በሩ አልዘጋ ይላል፤ ግድግዳው ወደ ጎን ያዘነብላል። በመጀመሪያው ዓመት ችግሩ በአንድ ሚስማርና በጥቂት ሬንጅ ይወገድ ነበር። ትንሽ ቢቆይ አንድ ቆርቆሮ ይበቃው ነበር። ከዓመታት በኋላ ግን ግድግዳው እንደ አዲስ መማገር አለበት። በመጨረሻም አንድ ባለሙያ መጥቶ ቤቱን «ሊጠገን የማይችል» ብሎ ይመዘግበዋል። አባባሉ የዕለቱን ሁኔታ ይገልጽ ይሆናል፤ ቤቱ እንዴት እዚያ እንደደረሰ ግን አይናገርም። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ይህንኑ የወጪ ሕግ በሁለት ቃል ጠቅልለው ነው።

ርካሽ የተባለው ኪራይ በምን ተከፈለ?

የቀበሌ ቤት ኪራይ በ1967 ዓ.ም. ከወረደበት ደረጃ ብዙም ሳይነቃነቅ ለአሥርተ ዓመታት ቆየ። የሲሚንቶ፣ የቆርቆሮና የሠራተኛ ዋጋ ግን አልቆመም። በምሳሌ እንመልከተው። በወር 10 ብር የሚከፍል ቤተሰብ በዓመት የሚከፍለው 120 ብር ነው። ይህ ገንዘብ በዛሬው ገበያ አንዲት ቆርቆሮ አይገዛም። ስለዚህ ኪራዩ በሙሉ፣ ሳንቲም ሳይጎድል፣ ለዚያው ቤት ቢውል እንኳ ጣራውን ሊያድስ አይችልም። ከዚህ ስሌት በመነሣት ቤቱን የሚያስተዳድረው አካል «በጀት የለኝም» ይላል፤ ነዋሪውም «ቤቱ የእኔ አይደለም» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። በሁለቱ እውነቶች መካከል ግን ቤቱ ይፈርሳል።

በዚህ ሁኔታ በጣም የተጎዳው ቤቱን ለመጠበቅ የሞከረው ነዋሪ ነው። ከጉሮሮው ቀንሶ ቆርቆሮ ሲገዛ፣ ለመጠገን ፈቃድ መጠየቅ ነበረበት፤ ፈቃዱን ካገኘም በኋላ ያወጣው ገንዘብ እንደሚታሰብለት ማረጋገጫ አልነበረውም። ነገ ቤቱ ለልማት ይፈለጋል ከተባለ ወጪው ከቤቱ ጋር ይሄዳል። በአንጻሩ የመንግሥትን ቤት በጥቂት ብር ተከራይቶ፣ ለሌላ ሰው በብዙ ብር ያከራየ ሰው የርካሽ ኪራዩን ጥቅም ብቻውን አፍሶታል። ስለሆነም ለችግረኛው የታሰበው ድጎማ መንገድ ላይ ሌላ እጅ ገብቷል ማለት ነው። እውነተኛው ችግረኛ ደግሞ ያልከፈለውን ኪራይ በሌላ ሂሳብ ከፍሎታል፤ በእርጥበት በሚያስሉ ልጆች፣ በሞላ የመጸዳጃ ጉድጓድ፣ በክረምት ሌሊት ከአንዱ ማዕዘን ወደ ሌላው በሚገፋ አልጋ ከፍሎታል።

ይህ ሲባል ግን የኪራዩ ዝቅ ማለት በራሱ ጥፋት ነበር ለማለት አይደለም። ዝቅተኛ ገቢ ያለው ሠራተኛ፣ ጡረተኛና በጉልት ገበያ የምትተዳደር እናት የገበያውን ኪራይ መክፈል አይችሉም፤ ከተማዋ ደግሞ ያለእነርሱ አንድ ቀን አታድርም። ስሕተቱ ያለው ነዋሪው በሚከፍለውና ቤቱ በሚፈልገው መካከል ያለውን ልዩነት ማን እንደሚሸፍነው በግልጽ አለመወሰኑ ላይ ነው። ያልተወሰነ ድጎማ ከሰማይ አይወርድም፤ ከቤቱ አካል እየተቆረሰ ይከፈላል።

ችግሩ የአንድ ሥርዓት ብቻ አይደለም

አንዳንድ ወገኖች ይህን ሁሉ የመንግሥት ባለቤትነት ውጤት አድርገው ማቅረብ ይቀናቸዋል። ሌሎች ደግሞ በተቃራኒው የገበያው ሥርዓት ውጤት ያደርጉታል። የሌሎች አገሮች ልምድ ሁለቱንም አያረጋግጥም።

ዛሬ በካርታ ላይ የሌለችው የጀርመን ዴሞክራቲክ ሪፐብሊክ እ.ኤ.አ. በ1973 ዓ.ም. እስከ 1990 ዓ.ም. የመኖሪያ ቤትን ችግር ለመፍታት ያለመ ታላቅ ፕሮግራም አውጥታ ነበር። ቤቶችን በፋብሪካ በተዘጋጁ የኮንክሪት ግድግዳዎች በብዛት ገነባች፤ ብዙ ሠራተኛም የሞቀ ውሃና መታጠቢያ ያለው ቤት አገኘ። ይሁን እንጂ የነባር ቤቶች ኪራይ እ.ኤ.አ. በ1936 ዓ.ም. በነበረው ዋጋ አካባቢ እንደረጋ ቀርቶ ስለነበር ለጣራና ለጭስ ማውጫ ጥገና የሚሆን ገንዘብ ከቤቶቹ አይገኝም ነበር፤ የግንባታ ኃይሉም ወደ አዳዲሶቹ ሰፈሮች አዘነበለ። በውጤቱም እንደ ላይፕዚግ ባሉ ከተሞች ጦርነቱ ያላፈረሳቸው ነባር መንደሮች በሰላም ጊዜ ፈረሱ። በአንድ እጅ አዲስ ቤት እየተቆጠረ፣ በሌላው እጅ ነባሩ ቤት ሳይቆጠር ይጠፋ ነበር።

በሌላው ጎራ ደግሞ በዩናይትድ ስቴትስ፣ በሴንት ሉዊስ ከተማ የተሠራው የፕሩዪት አይጎ የሕዝብ መኖሪያ ይጠቀሳል። 33 ሕንፃዎች፣ እያንዳንዳቸው 11 ፎቅ የነበሩ ሲሆን፣ ነዋሪዎች መግባት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1954 ዓ.ም. ነበር። የፌዴራሉ መንግሥት የግንባታውን ወጪ ሸፈነ፤ ጥገናው ግን ከነዋሪው ኪራይ እንዲሸፈን ተደረገ። ነዋሪው እየደኸየና እየቀነሰ ሲሄድ ኪራዩም ቀነሰ፤ ሊፍቶቹ ቆሙ፤ ቧንቧዎቹ ፈነዱ። አስተዳደሩ ጉድለቱን ኪራይ በመጨመር ለመሙላት ሲሞክር እ.ኤ.አ. በ1969 ዓ.ም. የከተማው የሕዝብ ቤት ተከራዮች ዘጠኝ ወር የፈጀ የኪራይ አድማ መቱ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ምክር ቤት የሕዝብ ቤት ኪራይ ከተከራዩ ገቢ ከመቶ 25 እንዳይበልጥ ደነገገ። ለፕሩዪት አይጎ ግን ጊዜው አልፎ ነበር። ከ1972 ዓ.ም. ጀምሮ ሕንፃዎቹ በፈንጂ ፈረሱ፤ ሃያ ዓመት እንኳ አልሞላቸውም ነበር።

ከሁለቱ ታሪኮች የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው። በአንዱ አገር ፕላኑ የመንግሥት ነበር፤ በሌላው አገር የገበያ ሥርዓት ሰፍኖ ነበር። ሁለቱም ለግንባታ በጀት መደቡ፤ ሁለቱም ለጥገና ግምት ብቻ ተዉ። በሁለቱም የጥገናው ዕዳ ሲከማች ከቆየ በኋላ ባልተጠበቀ ሰዓት የተከፈለው በሕንፃው ሕይወት ነው።

የጋራ መኖሪያ ቤቶች የተደቀነባቸው ፈተና

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ሁለተኛው ታላቅ እርምጃ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ፕሮግራም ነው። የጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ከወጣ በኋላ በ1996 ዓ.ም. በቦሌ ገርጂ በሙከራ ተጀመረ፤ ቀጥሎም ወደ ጀሞ፣ ወደ የካ አባዶ፣ ወደ ኮዬ ፈጬና ወደ ሌሎች ሰፊ ሰፈሮች ተስፋፋ። ከመቶ ሺህ የሚበልጡ ቤቶች ለባለዕድለኞች ተላለፉ። በቀበሌ ቤት ጣራ ሥር ያደገ ትውልድ ውሃና መጸዳጃ ያለው የራሱ ቤት ባለቤት ሆነ። ይህ ቀላል ድል አይደለም።

እዚህ ላይ መንግሥት ከአከራይነት ወጥቷል፤ ባለቤቱ ነዋሪው ነው። ስለሆነም የጥገናው ጥያቄ በራሱ የሚፈታ መስሎ ታይቷል። የግል የሆነው ግን ከመግቢያ በሩ ወደ ውስጥ ያለው ክፍል ብቻ ነው። ጣራው፣ አሸንዳው፣ ደረጃው፣ የውሃ መስመሩ፣ የፍሳሽ ጉድጓዱ፣ የውጭው ልስንና የግቢው ቦይ የሁሉም ናቸው። ሕጉ ለእነዚህ የሕንፃ ባለቤቶች ማኅበር እንዲቋቋምና የጋራ ወጪው በመዋጮ እንዲሸፈን ደንግጓል። በተግባር የሚታየው ግን አብዛኛውን ጊዜ መዋጮው ከጥበቃና ከጽዳት ሠራተኛ ደመወዝ የማያልፍ መሆኑ ነው። የፍሳሽ ጉድጓዱ ሲሞላ፣ የውሃ መሳቢያው ሲቃጠል ወይም የመጨረሻው ፎቅ ሲያፈስ እንደገና በየበሩ እየዞሩ ገንዘብ መለመን ይጀመራል። ምድር ቤት ያለው ባለቤት «ጣራው ለእኔ አያፈስም» ይላል፤ አምስተኛ ፎቅ ያለው «ጉድጓዱ ለእኔ አይሸትም» ይላል። ብዙዎቹ ባለቤቶች ደግሞ ቤታቸውን አከራይተው ሌላ ቦታ ይኖራሉ። በሕንፃው ውስጥ የሚኖረው ተከራይ ችግሩን ያያል እንጂ በማኅበሩ ድምፅ የለውም፤ ድምፅ ያለው ባለቤት ደግሞ ችግሩን አያየውም።

የመጀመሪያዎቹ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ዛሬ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። ይህ ዕድሜ ቧንቧ የሚዝግበት፣ አሸንዳ የሚበሳበት፣ ልስን የሚላቀቅበት ዕድሜ ነው። የቀበሌው የጭቃ ቤት ሲፈርስ የሚጎዳው አንድ ቤተሰብ፣ ቢበዛ ጎረቤቱ ነው። ባለአራትና ባለአምስት ፎቅ ሕንፃ ሲጎዳ ግን በአንድ ደረጃ የሚወጡ በርካታ ቤተሰቦች አብረው ይጎዳሉ። በመሆኑም የ1967ቱ አዋጅ ያለፈው ጥያቄ በኮንክሪት ተጠናክሮ ተመልሶ መጥቷል ማለት ይቻላል።

የጥገና ፕላን ምን ምን ይይዛል?

ፕላን የሚለው ቃል በስብሰባ አዳራሽ ብዙ ጊዜ ስለሚነገር ትርጉሙ ሊደበዝዝ ይችላል። በዚህ ጉዳይ ፕላን ማለት አምስት ተጨባጭ ነገሮች ማለት ነው።

አንደኛ፣ ቆጠራ ነው። የቤቱን ቁጥርና የተከራዩን ስም መመዝገብ የቤቱን ሁኔታ ማወቅ አይደለም። ለእያንዳንዱ ቤትና ሕንፃ ጣራው፣ ምሰሶው፣ ግድግዳው፣ መጸዳጃውና የኤሌክትሪክ መስመሩ በምን ደረጃ ላይ እንደሚገኝ፣ ስንት ዓመትም ሊያገለግል እንደሚችል የሚያሳይ መዝገብ ያስፈልጋል። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1997 ዓ.ም. የሕዝብ ቤቶቿ ያልተሠራ የጥገና ሥራ 19 ቢሊዮን ፓውንድ ያህል እንደደረሰ ተገመተ። በ2000 ዓ.ም. አንድ ቤት ሊያሟላ የሚገባውን ዝቅተኛ መመዘኛ አውጥታ እስከ 2010 ዓ.ም. እንዲሟላ የጊዜ ገደብ አስቀመጠች። ግቡ ሙሉ በሙሉ ባይሳካም እጅግ የሚበዙት ቤቶች ከመመዘኛው ደረሱ። ይህ ሊሆን የቻለው ዕዳው በቅድሚያ ተቆጥሮ በግልጽ በመነገሩ ነው።

ሁለተኛ፣ ቅደም ተከተል ነው። ሁሉንም ቤት በአንድ ዓመት ማደስ የሚችል አገር የለም። ስለዚህ ማን ይቅደም የሚለው ጥያቄ በትውውቅም ሆነ በጩኸት ብዛት ሊመለስ አይገባውም። በመጀመሪያ ሕይወትን የሚያሰጉ ጉዳቶች ይታያሉ፤ ያዘነበለ ግድግዳ፣ የተራቆተ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ ሊደረመስ የቀረበ የመጸዳጃ ጉድጓድ። ቀጥሎ ቢዘገዩ ወጪያቸው የሚባዛ ጉዳቶች ይመጣሉ፤ ጣራ፣ አሸንዳና የውሃ መውረጃ ቦይ ከሁሉ ይቀድማሉ። ቀለምና ውበት የመጨረሻውን ቦታ ይይዛሉ። በብዙ ቦታ የሚታየው ግን የዚህ ተገላቢጦሽ ነው፤ ከመንገድ የሚታየው የፊት ግድግዳ ይቀባል፣ ከኋላ ያለው መጸዳጃ እንደሞላ ይቀራል።

ሦስተኛ፣ የጊዜ ሰሌዳ ነው። የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል፤ ይህም ክረምቱ የሚጠናበት ወር ነው። በጀቱ ተለቅቆ ግዢው ሲጀመር፣ ጨረታው ወጥቶ ውሉ ሲፈረም የበጋው ወራት ያልፋሉ። በግንቦትና በሰኔ ደግሞ በጀቱ ተመላሽ እንዳይሆን ጥድፊያ ይጀመራል፤ ጭቃ በዝናብ ይለሰናል፣ ቀለም በእርጥብ ግድግዳ ላይ ይቀባል። በመስከረም ልስኑም ቀለሙም አብረው ይረግፋሉ። ከዚህ አኳያ ትክክለኛው ሰሌዳ ወቅቱን የተከተለ ነው። ፍሳሹ በዓይን በሚታይበት በሐምሌና በነሐሴ ይቆጠራል፤ በመስከረም ዝርዝሩና ውሉ ይዘጋጃል፤ ከጥቅምት ጀምሮ ሥራው ይሠራል፤ በግንቦት ከዝናቡ በፊት አሸንዳና ቦይ ይጠረጋል። ይህ ተጨማሪ ገንዘብ የማይጠይቅ ማሻሻያ ነው።

አራተኛ፣ የተለየ ሂሳብ ነው። ሲንጋፖር የሕዝብ ቤቶቿን ለነዋሪው በረጅም ሊዝ የሸጠች አገር ናት። እ.ኤ.አ. በ1988 ዓ.ም. ባወጣችው ሕግ ያቋቋመቻቸው የከተማ ምክር ቤቶች ከነዋሪው በየወሩ ከሚሰበስቡት ክፍያ የተወሰነውን ድርሻ ለወደፊት ከባድ ጥገና በተለየ ሂሳብ የማስቀመጥ ግዴታ አለባቸው። ጣራው በሚታደስበትና ሊፍቱ በሚለወጥበት ዓመት ገንዘቡ ተቀምጦ ይገኛል፤ ማንም በየበሩ አይዞርም። የእኛም የሕንፃ ባለቤቶች ማኅበራት ከየወሩ መዋጮ ላይ ለጥበቃና ለጽዳት የማይነካ ድርሻ ከዛሬ ጀምረው ቢያስቀምጡ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ የሚመጣውን ወጪ በአሥር ዓመት ከፋፍለው ይከፍሉታል። ለቀበሌ ቤቶችም ከኪራይ የሚሰበሰበው ሁሉ ወደዚህ ሂሳብ ገብቶ ጉድለቱ በከተማው በጀት ውስጥ «የቤት ጥገና ድጎማ» ተብሎ በስሙ ሊጻፍ ይገባዋል። ስም ያለው ድጎማ ይጠየቅበታል፤ ስም የሌለው ግን ቢጠፋም ፈላጊ የለውም።

አምስተኛ፣ ነዋሪውን መስማት ነው። በለንደን ከተማ የሚገኘው ባለ24 ፎቅ ግሬንፌል የሕዝብ መኖሪያ ሕንፃ እ.ኤ.አ. በ2016 ዓ.ም. ታድሶ ነበር። በእድሳቱ ከውጭ የተለበጠው ልባስ ግን እሳት የሚያቀጣጥል ሆነ፤ እ.ኤ.አ. ጁን 14 ቀን 2017 ዓ.ም. በደረሰው ቃጠሎ 72 ሰዎች ሞቱ። ከነዋሪዎቹ መካከል ስለ እሳት አደጋ አስቀድመው ያስጠነቀቁ ነበሩ፤ የሰማቸው አልነበረም። በ2020 ዓ.ም. ደግሞ በሮችዴል ከተማ በሻገተ የሕዝብ ቤት ውስጥ የሚኖር የሁለት ዓመት ሕፃን ሞተ፤ ወላጆቹ ስለ ሻጋታው ደጋግመው አመልክተው ነበር። በዚህ ምክንያት የወጣው ሕግ ከጥቅምት 2025 ዓ.ም. ጀምሮ አከራዩ ድርጅት አስቸኳይ አደጋን በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያስወግድ አስገድዷል። ሀብታም አገር መሆን ብቻውን ከእንዲህ ያለ ጥፋት አያድንም። ጣራው የት እንደሚያፈስ ከማንም በፊት የሚያውቀው ሥሩ የሚተኛው ሰው ነው።

በአገራችንም ለዚህ መልካም ምሳሌ አለ። በ1980ዎቹ በተክለ ሃይማኖት አካባቢ ባሉ ቀበሌዎች ወይዘሮ ጀምበር ተፈራ የመሩት የተቀናጀ የከተማ ልማት ሥራ የቤት እድሳትን ከመጸዳጃ፣ ከመተላለፊያ መንገድና ከጤና አገልግሎት ጋር አያይዞ፣ ነዋሪውን በውሳኔም በጉልበትም አሳትፎ አከናውኗል። ነዋሪው ከሰፈሩ ሳይነቀል ቤቱን ማሻሻል የሚቻል መሆኑን ያ ሥራ አሳይቷል።

ሁለት ተቃውሞዎች

በዚህ ሐሳብ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች መነሣታቸው አይቀርም። የመጀመሪያው «ነባሮቹ ቤቶች በመልሶ ማልማት የሚነሡ ስለሆኑ ለእነርሱ ገንዘብ ማውጣት ብክነት ነው» የሚል ነው። በእርግጥም በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. በካዛንቺስ የተካሄደው የመልሶ ማልማት ሥራ በርካታ የቀበሌ ቤቶችን አንሥቷል፤ ነዋሪዎችም ወደ ሌሎች ሰፈሮች ተዛውረዋል። ሆኖም ይፈርሳል የተባለ ቤት ሁሉ በማግሥቱ አይፈርስም። «ሊፈርስ ነው» እየተባለ አሥር ክረምት ያለፈው መንደር ብዙ ነው፤ በአሥሩም ክረምት ሰው ይኖርበታል። ለእንዲህ ያሉት ቤቶች ከባድ እድሳት ላያስፈልግ ይችላል። ጣራን መድፈን፣ ጉድጓድን ማስመጠጥ፣ ሽቦን መሸፈን ግን ለአንድ ክረምትም ቢሆን የሰው ሕይወት ዋጋ ነው። ከዚህም በላይ ነዋሪው የገባበት አዲሱ ቤት ነገ ነባር ይሆናል። የጥገና ፕላን ሳይኖር አሮጌውን በአዲስ መተካት፣ ከሃያ ዓመት በኋላ እንደገና ለመተካት ቀጠሮ መያዝ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ለዚህ ሁሉ ገንዘብ የሚገኘው ኪራይ በመጨመር ነው፤ ይህም ደሃውን ይጎዳል» የሚል ነው። ሥጋቱ ተገቢ ነው፤ የሴንት ሉዊስም ታሪክ ይህንኑ ያስተምራል። መልሱ ግን ሁሉንም ተከራይ በአንድ ዓይን አለማየት ነው። በቀበሌ ቤት ንግድ የሚያካሂድ፣ ወይም ቤቱን ለሌላ አከራይቶ ትርፍ የሚያገኝ ሰው ከጡረተኛዋ እናት ጋር አንድ ዓይነት ኪራይ የሚከፍልበት ምክንያት የለም። ኪራይ ከገቢ ጋር ተመዛዝኖ፣ የችግረኛው ልዩነት በግልጽ ተደጉሞ፣ የተሰበሰበው ሁሉ ለጥገና መዋሉ በየዓመቱ በነዋሪው ፊት ሲነበብ፣ ጭማሪው ሸክም መሆኑ ቀርቶ ውል ይሆናል። ያፈሰሰውን ጣራ ሳይደፍኑ ኪራይ መጨመር ግን ፍትሕ የለውም።

ከዚህ ጋር አንድ ነገር መታሰብ አለበት። በየክረምቱ ወጣቶች፣ ሠራተኞችና ባለሥልጣናት በበጎ ፈቃድ የአቅመ ደካሞችን ቤት ማደሳቸው የተለመደ ሆኗል። የወገንን ስሜት የሚያሳይ፣ ሊመሰገንና ሊቀጥል የሚገባው ተግባር ነው። ይሁንና በዘመቻ የሚታደሰው ቤት የተመረጠው ቤት ነው፤ ያልተመረጠው ጎረቤት የሚቀጥለውን ክረምት ይጠብቃል። በጎ ፈቃድ የፕላን አጋዥ ሊሆን ይችላል፤ ፕላንን ተክቶ ግን ሊቆም አይችልም። አንዲት አረጋዊት እናት የማያፈስ ጣራ ሥር የማደር መብቷ በማንም ደግነት ላይ ሊንጠለጠል አይገባውም።

ሲጠቃለል፣ በቤት ጉዳይ ለኀምሳ ዓመታት የባለቤትነትን ጥያቄ ስንመልስ ቆይተናል። ቤቱ የመንግሥት ሆኗል፤ ቤቱ የግለሰብም ሆኗል። ሁለቱም ሲሆን ዝናቡ ባለቤቱን ሳይጠይቅ ገብቷል። ከእንግዲህ አንድ ቤት ለነዋሪ ሲተላለፍ ከቁልፉ ጋር የጥገና መዝገቡ፣ ሂሳቡና ሰሌዳው አብሮ ሊተላለፍ ይገባል። ይህ ሥራ ለምርቃት የሚሆን ሪባን የለውም፤ የሚደፈን ቀዳዳ፣ የሚጠረግ አሸንዳ፣ የሚጻፍ መዝገብ ነው ያለው። የወረዳና የክፍለ ከተማ የቤቶች ጽሕፈት ቤቶች፣ የሕንፃ ባለቤቶች ማኅበራትና ነዋሪው በየበኩላቸው ይህን ሥራ ለመጀመር አዲስ አዋጅ እስኪወጣ መጠበቅ አይኖርባቸውም። መጪው ሐምሌ ሲገባ ዝናቡ ራሱ የየቤቱን ጉዳት ያሳያል፤ የሚመዘግብ ሰው መዝገቡን ይዞ በየደጃፉ መገኘት አለበት።